ባትሪና ድንጋይ

ነገራችንን ከስሙ እንጀምር። እንግሊዞች በእጅ የሚያዘውን መብራት በቋንቋቸው «ችቦ» ይሉታል፤ አሜሪካውያን ደግሞ «የብልጭታ መብራት» ብለው ሰይመውታል። እኛ ከሁለቱም አልተዋስንም። ዕቃውን «ባትሪ» አልነው፤ በሆዱ የሚገባውን እውነተኛውን ባትሪ ደግሞ፣ ስሙ ስለተወሰደበት፣ «ድንጋይ» ብለን ጠራነው። «የባትሪው ድንጋይ አልቋል» ሲባል ሰምቶ ግራ የሚጋባ ኢትዮጵያዊ የለም። ስያሜው ምን ያህል እውነት እንደያዘ ያስተዋልኩት ግን ዘግይቼ ነው፤ የእጅ መብራት ታሪክ ቀረብ ብለው ሲያዩት በአብዛኛው የድንጋዩ ታሪክ ነውና። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለበዓል ሲመጣ አንድ ባትሪ አመጣልኝ። ርዝመቱ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም፤ ገላው ጥቁር አሉሚኒየም ነው፤ አፉ ዙሪያውን እንደ ዘውድ ጥርስ አውጥቷል፤ ማብሪያው በጭራው በኩል ነው። «ታክቲካል ይባላል፤ ፖሊስና ወታደር የሚይዘው ነው፤ አንድ ሺህ ሉመን ያወጣል» አለኝ። ዋጋውን ጠይቄ ወደ ብር መነዘርኩት። የሥራ ልማድ ነው፤ ባልመነዘርኩት ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ። እኔም እንደ ሕፃን ልጅ ደስ ብሎኝ ወደ ደጅ ወጣሁ። የሰፈራችን ዘበኛ፣ ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ እንደ ልማዳቸው ካፖርታቸውን ደርበው በአጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ላሳያቸው ብዬ ፊታቸው ላይ አበራሁት። ሽማግሌው ክንዳቸውን በዓይናቸው ላይ ጋረዱ፤ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ወደ ኋላ ሸሽተው ከግድግዳው ተለጠፉና «ማነህ?» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስሜን ተናግሬ ብርሃኑን አጠፋሁ። እርሳቸው ግን ዱላቸውን ከመሬት ለማንሣት በእጃቸው ዳበሱ፤ አጠገባቸው የወደቀውን ማየት አልቻሉም ነበር። «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ። አንሥቼ አቀበልኳቸው።

ይህ ዕቃ ለማየት ነው የተሠራው ወይስ ሌላው እንዳያይ? ጥያቄው ስላልለቀቀኝ ከቢሮ ስወጣ ማታ ማታ ስለ ባትሪ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ።

ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ በ1866 የሠራው ባትሪ በብርጭቆ ዕቃ የተሞላ ፈሳሽ ነበር። ለቴሌግራፍ ቤት ጠረጴዛ ይበቃል፤ ይዘውት ቢሮጡ ግን ይፈስሳል። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለወሰና አጠነከረው፤ የዚንክ ቆርቆሮውንም መያዣም ኃይል ሰጪም አደረገው። እንግዲህ የኛ «ድንጋይ» የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ጄሶ የገባበትን ነገር ድንጋይ ማለት ያን ያህል ስሕተት አይመስለኝም።

ድንጋዩን ከአምፖል ጋር በአንድ ቱቦ ያገናኘው ዴቪድ ሚሰል የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በኒውዮርክ ይሠራ ነበር፤ የፈጠራ መብቱም በጥር 1899 ተመዘገበለት። መብቱን የያዘው ግን ኮንራድ ሂውበርት የተባለ፣ ከሚንስክ የተሰደደ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር፤ ቀድሞ ስሙ አኪባ ሆሮዊትዝ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ ከወፍራም ወረቀት የተሠራ ቱቦ ሲሆን፣ ድንጋዮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው በውስጡ ይተኛሉ፤ በጫፉ ትንሽ አምፖልና ከነሐስ የተሠራ አንጸባራቂ አለው። ሂውበርት ጥቂቶቹን ለኒውዮርክ ፖሊሶች በነፃ አደለ፤ ፖሊሶቹም አመሰገኑለት። ልብ በሉ፣ ዕቃው ገና ከመወለዱ ወደ ፖሊስ እጅ ገብቷል። ኩባንያው ኋላ «ኤቨሬዲ» በሚለው ስሙ ዓለም ያወቀው ሆነ።

የብልጭታ መብራት መባሉም ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚያን ዘመን ድንጋይ ደካማ ነው፤ አምፖሉም በከሰል ክር የሚበራና ኃይል የሚጨርስ ነው። ጥቂት ካበራ ይደክማል፤ አጥፍተው ካሳረፉት መልሶ ጉልበት ያገኛል። ስለዚህ ሰው ብልጭ አድርጎ አይቶ ያጠፋው ነበር።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። «አጥፋው፣ ድንጋዩ ይረፍ» የሚል ትእዛዝ በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሰምቼ ይሆን? አባቴ ስለ ኒውዮርክ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ግን የዚንክና የከሰል ድንጋይ ጠባይ በ1899ም በእርሱም ዘመን ያው ነበር። ባትሪያችን የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ሆኖ ሁለት ድንጋይ ይበላል፤ ከምሰሶው ላይ ባለው ምስማር ይሰቀላል፤ ልጅ አይነካውም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል ሲሞቅ ስለሚነቃቃ ለአንድ ሁለት ምሽት ይሠራል። በመጨረሻ ፈጽሞ ሲሞት ለእኛ ለልጆች ይሰጠናል። ሰብረን መሐሉ ያለውን የከሰል ዘንግ አውጥተን እንጽፍበት ነበር፤ ጥቁሩ ዱቄት ደግሞ ከቅጠል ጋር ተወቅጦ የትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ይቀባበት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት፣ ቢያጋንኑት፣ በሞተ ባትሪ ላይ ነው።

ድንጋይ ስለሚወደድም የባትሪ አያያዝ ሥርዓት ነበረው። አባቴ እንግዳ ሲሸኝ ብርሃኑን መሬት ላይ፣ ከእንግዳው እግር ፊት ያደርገዋል። እርሱ ራሱ በጨለማው ከኋላ ይከተላል። የሰው ፊት ላይ ማብራት ነውር ነው፤ ሰውን እንደ ሌባ መቁጠር ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከ1910 ገደማ ጀምሮ የከሰሉ ክር በተንግስተን ተተካ፤ ብርሃኑ ጸና። ከዚያ በኋላ ስድሳ ሰባ ዓመት ብዙ የሚነገር አልተገኘም፤ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ አምፖሉ ሲወድቅ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም መዳፉ ላይ መታ መታ እያደረገ ያስነሣዋል። ይህን ያላደረገ የባትሪ ባለቤት በዓለም ላይ አልነበረም ብል የሚከራከረኝ አይኖርም።

ይህን የለወጠው አንቶኒ ማግሊካ ነው። በኒውዮርክ ተወልዶ ያደገው በክሮኤሺያ ዝላሪን በተባለች ደሴት ነው፤ በ1950 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በብረት ቅርጽ ሥራ ተሰማራ። በ1979 ለገበያ ያቀረበው «ማግላይት» ከአሉሚኒየም ተቦርቡሮ የተሠራ፣ ውኃ የማያስገባ፣ ቢወድቅ የማይሰበር ባትሪ ነበር። ፖሊሶች ወደዱት። የወደዱት ግን ስለ ብርሃኑ ብቻ አልነበረም። አራትና አምስት ድንጋይ የጎረሰው ረጅሙ ማግላይት ጥሩ ዱላም ይወጣዋል። ዱላ ሲመዘዝ ያስጠይቃል፤ ባትሪ ግን ሁልጊዜ በእጅ ያለ ነገር ነው።

በኅዳር 1992 በዲትሮይት ከተማ ማሊስ ግሪን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሲቪል በለበሱ ሁለት ፖሊሶች በእጅ ባትሪ ተቀጥቅጦ ሞተ። ፖሊሶቹ ተከሰው ተፈረደባቸው። በ2004 ደግሞ በሎስ አንጀለስ አንድ ፖሊስ ሮጦ የተያዘን ተጠርጣሪ በባትሪ ደጋግሞ ሲመታ ከሄሊኮፕተር በተቀረፀ የቴሌቪዥን ምስል ታየ። የከተማዋ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ያገኘው መፍትሔ የሚገርም ነው፤ በ2007 ረጅሙንና ከባዱን ባትሪ አስቀርቶ ለዱላነት የማይመች አጭርና ቀላል የኤል.ኢ.ዲ. ባትሪ ለባልደረቦቹ አደለ። ሰውን ከመምከር ዕቃውን ማሳጠር ቀለለ።

እንግዲህ ለእኔ የተሰጠኝ ዓይነት አጭር ባትሪ ከወዴት መጣ? ዘሩ ከጠመንጃ ነው። በ1979 በካሊፎርኒያ «ሌዘር ፕሮዳክትስ» የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ሌዘር መሥራት ነበር። ከዚያ በጠመንጃ ላይ የሚታሰር መብራት ሠራ፤ ኋላም «ሹርፋየር» በሚለው ስም ታወቀ። «ሲክስ ፒ» የተባለው የእጅ ባትሪው ለፎቶ ካሜራ የተሠሩ ሁለት የሊቲየም ድንጋዮች ይበላል፤ እያንዳንዱ ሦስት ቮልት ነው፤ 65 ሉመን ብርሃን ለአንድ ሰዓት ያህል ይሰጣል። ዛሬ 65 ሉመን ሲባል ሰው ይስቃል። በዘመኑ ግን በዚያ መጠን ባለ ትንሽ ነገር ውስጥ ይህን ያህል ብርሃን ብርቅ ነበር። የሻጮቹ ቃልም ተለወጠ። ከዚያ በፊት ባትሪ «ያሳይዎታል» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ አሁን «ባላንጣዎን ያሳውራል» ተብሎ መሸጥ ጀመረ። ታክቲካል የሚለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው። ባለ ጥርሱ አፍም ለጌጥ አይደለም፤ ሰው ለመምታት ነው።

የቀረው አምፖሉ ነበር። ባለ ክሩ አምፖል ከሚበላው ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያወጣው በሙቀት ነው። ያለ ክር የሚበራው ኤል.ኢ.ዲ. በ1962 በኒክ ሆሎንያክ እጅ ቀይ ሆኖ ታየ፤ ነጭ ለመሆን ግን ሰማያዊ ያስፈልገው ነበር፤ ሰማያዊ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አስለፋ። በጃፓን ናጎያ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ ጋልየም ናይትራይድ በተባለው ክሪስታል ላይ መንገዱን ከፈቱ። በቶኩሺማ፣ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ፣ ሹጂ ናካሙራ በ1993 ደማቁን ሰማያዊ አወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያፈልቅ ዱቄት ቀብተው ነጭ አደረጉት።

እዚህ ላይ የባንክ ሰው ሊያልፈው የማይችለው ነገር አለ። ናካሙራ ለዚህ ፈጠራ ከአሠሪው ያገኘው ጉርሻ 20,000 የን ነበር፤ ሁለት መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። ኩባንያውን ከሰሰ፤ በ2004 ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን እንዲከፈለው ወሰነ፤ በይግባኙ ሂደት በ2005 በ840 ሚሊዮን የን ታረቁ። በሂሳብ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ዝላይ ባገኝ ለአለቃዬ በቀይ አስምሬ አቀርበው ነበር። በ2014 ሦስቱም የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

ከ2000 ወዲህ ብርቱው ኤል.ኢ.ዲ. ወደ ባትሪ ገባና የሉመን ፉክክር ተጀመረ። አንዱ ሁለት መቶ ሲል ሌላው አምስት መቶ፣ ያኛው አንድ ሺህ ይላል፤ የሚለካው ግን አልነበረም። በ2009 የአሜሪካ አምራቾች አንድ የጋራ መለኪያ አወጡ። በዚህ መለኪያ ብርሃኑ «እስከዚህ ሜትር ይደርሳል» የሚባለው የሩብ ሉክስ ብርሃን እስከሚያርፍበት ርቀት ነው፤ ይህም ጥርት ባለ ሌሊት ሙሉ ጨረቃ በምድር ላይ የምታፈሰውን ያህላል። ጨረቃ የባትሪ መስፈሪያ መሆኗን ሳውቅ ግጥም ልጽፍ ተነሥቼ ነበር፤ «ሉክስ» ለሚለው ቃል ቤት መምቻ አጥቼ ተውኩት። በዚያው መለኪያ ባትሪው «ይህን ያህል ሰዓት ይሠራል» የሚባለው ብርሃኑ ወደ አሥር በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። እንግዲህ አንድ ሺህ ብሎ የጀመረው መቶ እስኪሆን ድረስ እንደበራ ይቆጠርለታል። ይህን ዓይነት ስሌት እኛም ቤት ያለ ይመስለኛል።

እውነተኛውን ነገር የሚያውቁት ግን ባለቤቶቹ ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ሆኜ ያየሁትን ልናገር። አንድ ሺህ ሉመን የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ገላው እንደ ቡና ጀበና ይግልና ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ኪስ ውስጥ ሳያውቁት ከበራ ልብስ ያሳርራል፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ የጭራውን ክዳን ትንሽ አላልተው ይዘውት ይሄዳሉ። ሁለት የሊቲየም ድንጋይ የሚበላው ዓይነት ከሆነ አዲስና አሮጌ አይቀላቀልበትም፤ ጠንካራው ደካማውን ሲገፋው ሊፈነዳ ይችላል። የኔው የሚሞላ ድንጋይ ነው፤ ስፋቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65፤ በአሮጌ ላፕቶፖች ሆድ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት። ይህን ለመሙላት መብራት ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን ውዱ ባትሪዬ ጥቁር ብረት ሆኖ ተቀመጠ፤ በ2001 ዓ.ም. የመብራት ፈረቃ ጊዜ ከሱቅ ሁለት ድንጋይ እየገዛን ያሳለፍናቸው ምሽቶች ትዝ አሉኝ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ በውድ ገዝተው ለዓመታት የያዙት ሰዎች፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ግድግዳና የጎረቤት ዛፍ ላይ አብርተው ከጠገቡ በኋላ፣ አዘውትረው የሚጠቀሙት የመጨረሻውን ዝቅተኛ ብርሃን ነው። ከአንድ ሉመን ያነሰ ነው፤ አምራቾቹ ራሳቸው «የጨረቃ ብርሃን» ብለው ሰይመውታል። ሌሊት የተኛ ልጅ ሳይቀሰቅሱ ለማለፍ፣ ቁልፍ ለመፈለግ፣ ከአልጋ ሥር ጫማ ለማየት ይበቃል፤ ለብዙ ቀንም ይቆያል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተደከመበት ብርሃን ዞሮ ዞሮ ኩራዝ ያህል ብቻ ይፈለጋል።

ምክንያቱ ዓይናችን ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ጨለማውን በሚገባ ለመልመድ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከለመደ በኋላ በከዋክብት ብርሃን ብቻ የሰው ቅርጽ ይለያል። ደማቅ ብርሃን ግን ያን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ያጠፋዋል፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አባባ ባትሪያቸውን አዘውትረው የማያበሩት ድንጋይ ለመቆጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚጠብቁን በዓይናቸው ኖሯል። እኔ በዚያ ምሽት የወሰድኩባቸው ያን ዓይን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ መብራት በጠፋበት ሰፈር፣ ዘበኛችንን ዕውር አድርጌ ወደ ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ባትሪውን ይዤ ሄድኩ። «ይኸን ይያዙት አባባ፤ ለእርስዎ ይሁን» አልኳቸው። ተቀብለው አገላበጡት፤ በጣታቸው ጥርሱን ዳሰሱት፤ ወደ መሬት አድርገው አበሩትና ወዲያው አጠፉት። መለሱልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ይኸ ግን የት እንደቆምኩ ለሌባው ሁሉ ይነግርብኛል» አሉኝ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና «ይልቅ ካልከበደህ፣ ድንጋዬ ደክሟል» አሉ።

በማግሥቱ ከሱቅ ሁለት ድንጋይ ገዝቼ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ሒሳብ መዝጊያ ነበርና አምሽቼ ስመለስ ሰፈሩ ጨልሟል። ከሩቅ በአረማመዴ አወቁኝ። ባትሪያቸውን አበሩ፤ ቢጫውን ብርሃን ከጫማዬ ፊት ፊት እያስኬዱ፣ ራሳቸው በጨለማው ከኋላዬ እየተከተሉ፣ እስከ በሬ አደረሱኝ።